ሳሎን ውስጥ 60 ሊትር ባሕር፦ የትንሽ ኮራል አኳሪየም አያያዝ

አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ድስት ውስጥ ጥዳችሁ እስኪደርቅ ብታፈሉት ከታች 35 ግራም ያህል ጨው ይቀራል። ትንሽ የኮራል አኳሪየም በብዛት የሚበላሸው በዚሁ መንገድ ነው። ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን የትም አይሄድም። 60 ሊትር ከያዘ ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ተንኖ ማንም ካልተካው፣ 35 የነበረው የጨው መጠን በአምስት ቀን 38 ይደርሳል። 600 ሊትር ከያዘ ገንዳ ያው አምስት ሊትር ቢጎድል ልኩ 35.3 ቢሆን ነው። ስለዚህ «ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀላል» የሚባለውን አትመኑ። ትንሽ ገንዳ ወጪ ይቀንሳል፤ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የዛሬው ውሃ ከትናንቱ እንዳይለይ ለማድረግ ነው።

ገንዳውና ቦታው

እዚህ ያሉት ስሌቶች ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ ናቸው። በውጭ ልኩ 86 ሊትር ይወጣዋል። የመስታወቱ ውፍረት፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና ከላይ የሚተወው ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲቀነስ የሚቀረው ውሃ 60 ሊትር ገደማ ነው። ማንኛውንም ማዕድን የምትጨምሩት በዚህ በተጣራው ልክ ስለሆነ መጀመሪያ ስትሞሉ ስንት ባልዲ እንደገባ ቆጥራችሁ ጻፉት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር ተከትሎ ማዕድን የሚጨምር ሰው ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይጨምራል።

ሞልቶ ከነካቢኔው ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የልብስ መሳቢያ ወይም የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ቦታውን በውሃ ልክ ለኩ። አንዱ ጥግ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ የመስታወቱ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ጫና እኩል አይሆንም። ገመዶቹ ሁሉ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ተጣጥፈው ወደ ላይ ይመለሱ፤ ያኔ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ ሲነካው ራሱን የሚቆርጥ ማብሪያ ላይ መሰካትም የግድ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል።

በእኛ ቤቶች ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ገንዳ አይቀመጥም። የቡናው ጢስ፣ የዕጣኑ ጢስ፣ ከወጥ ቤት የሚነሳው የቁሌት ቅባት ውሃው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑ ኦክስጅን ወደ ውሃ እንዳይገባ ያግዳል። መስኮቱ ተዘግቶ ሰው በተሰበሰበበትና ከሰል በነደደበት ክፍል ደግሞ አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታል፤ እሱም ወደ ውሃው ገብቶ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ያወርደዋል። ከሁሉም የከፋው የበረሮና የትንኝ ስፕሬይ ነው። ዓሣው ገና ምንም ሳይሆን ሽሪምፑንና ሸርጣኑን ይጨርሳል። እጃችሁን ስትከቱም ቅባትና ሎሽን እንዳይኖረው በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ያለ ሳሙና፣ ደጋግማችሁ ታጠቡ።

ውሃና ጨው

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። የሚያስፈልገው አርኦዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ደለል ማስቀሪያ፣ ካርቦን፣ ሜምብሬን፣ በመጨረሻም ሬዚን ያለው። የወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር፣ ማለት ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚለካ መሣሪያ፣ ሲለካ 0 ማንበብ አለበት፤ 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር ሬዚኑ ይቀየራል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ካርቦኑን አትናቁት። የዲሲ ውሃ የሚታከመው ክሎሪንና አሞኒያ በተጣመሩበት ክሎራሚን ነው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይዞራል። ካርቦን ክሎራሚንን ሲሰብረው አሞኒያ ይተርፋል፤ አሞኒያውን የሚይዘው ሬዚኑ ነው። ሬዚን የሌለው ርካሽ ማጣሪያ እዚያ ከተማ ውስጥ በእያንዳንዱ ባልዲ ጥቂት አሞኒያ ወደ ገንዳው ያስገባል።

የታሸገ የማዕድን ውሃ ቢጠጣም ለኮራል አይሆንም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ስለሆነ ዝናቡ ዚንኩን እያጠበ ይወርዳል፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ ለኮራል፣ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው።

ጨዉ ለኮራል ተብሎ የተዘጋጀው ብቻ ነው። የገበታ ጨውም ሆነ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዢየምና ካርቦኔት በበቂ የለበትም። ለ20 ሊትር ባልዲ 740 ግራም ያህል ይበቃል። መጀመሪያ ውሃውን ሙሉ፤ ፓምፕና ማሞቂያ ከታችሁ 25 ዲግሪ አድርሱት፤ ከዚያ ጨዉን በእፍኝ በእፍኝ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ጨዉ ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተያይዘው ነጭ ዱቄት ይሆኑና ከታች ይዘቅጣሉ፤ ተመልሰውም አይሟሙም። በማግስቱ ለኩት።

የጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትር፣ ማለት ብርሃን ውሃው ውስጥ ሲታጠፍ አይቶ የጨዉን መጠን የሚነግረው፣ ይሁን። መርፌው የሚወዛወዘው የላስቲክ መለኪያ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀችበት ልኩን ያዛባል። ሪፍራክቶሜትሩንም በንጹሕ ውሃ 0 ላይ አስተካክሎ መተው አይበቃም፤ 0 ላይ ትክክል የሆነው 35 ላይ ሁለት ሊስት ይችላል። የመለኪያ ፈሳሽ ከሌላችሁ ቤት ይሠራል፦ አዮዲን የሌለው ንጹሕ የገበታ ጨው 36.5 ግራም፣ በ963.5 ግራም አርኦዲአይ ውሃ። ይህ ፈሳሽ ሪፍራክቶሜትሩ ላይ ልክ 35 ማሳየት አለበት። የገበታ ጨው በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ጥቅም ይኸው ብቻ ነው።

ድንጋይ፣ አሸዋና ትዕግሥት

ከ7 እስከ 8 ኪሎ ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ የሪፍ ድንጋይ ይበቃል። ድንጋዩ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ይቀመጥና አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ሽሪምፕ ወይም ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከሥሩ ሲቆፍር ይወድቃል፤ የሚወድቀውም መስታወት ላይ ነው። ከግድግዳው ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ የመስታወት መፋቂያው በዚያ ያልፋል፣ ውሃውም ከኋላ ይዞራል። አሸዋው አራጎናይት የሚባለው ከካልሲየም ካርቦኔት የሆነው፣ ጥልቀቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ ለዚህ ወለል 9 ኪሎ ያህል ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ባክቴሪያው እስኪራባ መጠበቅ ነው። አንደኛው ወገን ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን 60 ሊትሩን በሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ለማድረስ 0.4 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ በቂ ነው። የጠርሙስ ባክቴሪያ አብራችሁ ብትጨምሩ ያፋጥነዋል። ያም ሆኖ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆጥሩ። አለቀ የሚባለው ያንኑ 0.4 ግራም በድጋሚ ስትጨምሩ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ሲሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ መብራት አያስፈልግም፤ ማብራት አልጌ መመገብ ነው። አንድ ማስታወሻ፦ ናይትራይት እያለ የሚለካ ናይትሬት ከእውነቱ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚታይ በዚያን ሰሞን ቁጥሩን አትመኑት።

ለማሞቂያ ከአንድ ባለ 100 ዋት ይልቅ ሁለት ባለ 50 ዋት ግዙና ሁለቱንም በውጭ መቆጣጠሪያ 25.5 ላይ አስሩ። ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የውስጥ ማብሪያው ተጣብቆ ሳይጠፋ ይቀራል። 100 ዋት ሳያቋርጥ ሲሠራ 60 ሊትር በአንድ ሌሊት ይቀቅላል፤ 50 ዋት ግን ጠዋት እስክትደርሱ ጊዜ ይሰጣል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ችግራችሁ ግልባጩ ነው። ኤሲ አጥፍቶ መጓዝ ገንዳውን መተው ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሰነብት ኮራል ይነጣል። ውሃው ላይ የሚነፍስ ትንሽ ፋን ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል፤ የሚያወርደው ግን በማትነን ስለሆነ የሚተካው ውሃም ይጨምራል።

ለሞገድ በሰዓት በድምሩ ከ1,200 እስከ 1,800 ሊትር የሚገፉ ሁለት ትናንሽ ፓምፖች፣ ፊት ለፊት ሳይሆን አግድም ተያይተው። አንደኛው የውሃውን ገጽ እንዲያንቀጠቅጥ ወደ ላይ ይዙር፤ ቅባቱን የሚበትነውና ኦክስጅን የሚያስገባው ያ መንቀጥቀጥ ነው። በዚህ ልክ ላለ ገንዳ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ግዴታ አይደለም፤ ውሃ በየሳምንቱ ከተቀየረ ከኋላ የሚንጠለጠል ማጣሪያ ይበቃል። የማጣሪያው ጥጥ በየሦስት አራት ቀኑ ይቀየር፤ ከቆየ የያዘው ቆሻሻ እዚያው ይበሰብሳል።

የጎደለውን ውሃ የሚተካው መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። ከመብራቱ ቀድሞ ይገዛ። የሚተካው ንጹሕ አርኦዲአይ ውሃ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ብትተኩ የጨው መጠኑ በየቀኑ ይጨምራል። የውሃው ማጠራቀሚያ ከ5 ሊትር አይብለጥ። ሴንሰሩ ተጣብቆ 5 ሊትሩ በሙሉ ቢገባ ልኩ ከ35 ወደ 32 ይወርዳል፤ ይጎዳል፣ ግን አይገድልም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን ኖሮ ወለሉም ኮራሉም ያልቃል። የቱቦው አፍ ከውሃው ወለል በላይ ይሁን፤ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ፓምፑ ሲቆም ገንዳው ወደ ጀሪካኑ መልሶ ይፈሳል።

መብራቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ኤልኢዲ ነው። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ፓር (ኮራል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ) ይበቃቸዋል፤ ጠንካራ አጥንትና ትልቅ አፍ ያላቸው ከ80 እስከ 150፤ እንደ አክሮፖራ ያሉት ከ200 በላይ። በ40 በመቶ ጀምራችሁ በሳምንት አምስት አምስት በመቶ ጨምሩ፣ በቀን ስምንት ሰዓት። ብርሃን ያነሰው ኮራል ቡናማ እየሆነ ለሳምንታት ይቆያል፤ የበዛበት ግን በሦስት ቀን ነጥቶ ይሞታል። ስህተት ከሆነ በማነሱ ይሁን።

ማን ይቀድማል?

መጀመሪያ አምስት ስድስት ቀንድ አውጣ፤ ትሮከስ ለመስታወት፣ ሴሪት ለድንጋይ፣ ናሳሪየስ ለአሸዋ። ትሮከስ ከተገለበጠ ራሱን ይመልሳል፤ አስትሪያ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ አይችልምና ጀርባው ላይ እንደተኛ ይሞታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስላሳ ኮራል፦ ዲስኮሶማ፣ ሳርኮፊቶን፣ ዞአንተስ። ቀይ ባሕር ውስጥ እጁን እየከፈተና እየጨበጠ የሚታየው ዜኒያ ያምራል፤ ነገር ግን ዋናው ድንጋይ ላይ ከሰፈረ መንቀል አይቻልም። ብቻውን ለቆመ ድንጋይ ስጡት።

አዲስ ኮራል ከሱቅ በመጣበት ዕለት ገንዳው ውስጥ አይገባም። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደርድሩና ሁሉንም በገንዳው ውሃ ሙሉ። የመጀመሪያው ላይ ለኮራል ማጠቢያ የተሠራውን መድኃኒት በመመሪያው ልክ አድርጉና ኮራሉን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያዙት፤ በየደቂቃው ውሃ በሚረጭ የጎማ አምፖል ፍንጥቅ እያደረጋችሁ። ከታች ነጭ ሳህን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሚረግፈው ይታያል። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር እየተጥመለመለ ከወረደ ትል ነው። ዞአንተስ ከሆነ ግንዱን ወደ ብርሃን አዙሩና ተመልከቱ፤ የተጠቀለለ ነጭ ክር የሚመስል፣ ሚሊ ሜትሮች ብቻ የሚሆን ክብ ካያችሁ ኮራሉን የሚበላው ቀንድ አውጣ መሰል ተባይ እንቁላል ነው። መድኃኒት እንቁላል አይገድልም፤ በጥፍር ወይም በምላጭ ፍቁት። ኮራሉ የተተከለበትን ትንሽ መቆሚያ ነቅላችሁ ጣሉት፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ የተባይ ቤት ነው። በሌሎቹ ሁለት ሳህኖች አለቅልቁና በጄል ሱፐር ግሉ አዲስ ቦታ ላይ ለጥፉ። ያጠባችሁበትን ውሃ ሽንት ቤት ድፉት።

ዞአንተስና ዘመዱን ፓሊቶአን ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ። አንዳንዶቹ ፓላይቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ ማጠብ ወይም መቀቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ከነካችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም ወይም አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና የመርዙን ስም ንገሩ።

ለ60 ሊትር ሦስት ትናንሽ ዓሦች ይበቃሉ። ጥንድ ኦሴላሪስ ክላውንፊሽ፣ ከዚያ አንድ ቢጫ ጎቢ ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ጉድጓዱን እሱ ይቆፍራል፣ ጎቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሽሪምፑም ቀንዱን ዓሣው ላይ አሳርፎ ይወጣል። አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጭራውን ያንቀጠቅጥና ሁለቱም ይገባሉ። ኦሴላሪስ የቀይ ባሕር ዓሣ አይደለም፤ የእኛው ባሕር ክላውንፊሽ ቢሲንክተስ ነው። እሱ ግን ገዘፍ የሚልና ኃይለኛ ስለሆነ ለትንሽ ገንዳ አይመከርም። ክላውንፊሽ ያለ አኔሞን፣ ማለት በተፈጥሮ ከሚጠለልበት ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ውጭ፣ በደንብ ይኖራል። አኔሞን እየተራመደ ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ይቆራረጥና ገንዳውን ይመርዛል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቁ። ሰማያዊው ታንግ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው፤ በ60 ሊትር ማኖር ግፍ ነው። ማንደሪን የሚባለው ዓሣ የሚበላው ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረቶች ስለሆነ በዚህ ልክ ባለ ገንዳ ቀስ በቀስ በረሃብ ይሞታል። ጎቢ ይዘላልና የመረብ ክዳን አድርጉ።

ዓሣውን ስታስገቡ ፕላስቲኩን 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት። ከሩቅ ተልኮ የመጣ ከሆነ ከከፈታችሁ በኋላ እንዲለምድ ብሎ የገንዳውን ውሃ ለረጅም ጊዜ ማንጠባጠብ ይጎዳዋል። በታሸገው ውሃ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ፒኤቹ ዝቅ ስላለ ብዙ አልጎዳውም ነበር። ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች መርዝ ይሆናል። የመቀበያው ውሃ የጨው ልክ ቀድሞ ከፕላስቲኩ ውሃ ጋር ይስተካከልና ዓሣው ወዲያው ይተላለፍ።

ኮራል ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ጠንካራ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸውና ፈቃድ ይጠይቃሉ። እስራኤል ውስጥ ኤላት ጠረፍ ያላችሁም፣ ከዚያ ባሕር ኮራል ማንሳት በሕግ የተከለከለ ነው፣ የሞተውንም ጭምር። ገንዳ ውስጥ ተቆርጦ የተባዛ ኮራል ሱቅ ሞልቷል፤ ለገንዳ ኑሮም የለመደ ነው።

አልካሊኒቲ

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ለኩ ብንባል የምንመርጠው አልካሊኒቲን፣ ማለት ውሃው ውስጥ ያለውን የካርቦኔት ክምችት፣ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ የካርቦኔቱ ክምችት ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ግቡ አልካሊኒቲ 8 ዲኬኤች (መለኪያ አሃዱ ነው)፣ በሊትር ካልሲየም 420፣ ማግኒዢየም 1,300 ሚሊ ግራም። ከ7.5 እስከ 9 ያለው ሁሉ ይሠራል፤ ከ7.5 ወደ 9 በአንድ ሌሊት መዝለል ግን የኮራሉን ሥጋ ከሥሩ ጀምሮ ይልጠዋል።

አለካኩ፦ አምስት ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ በሲሪንጅ ውሰዱ። የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየጨመራችሁ እያንዳንዱን አወዛውዙ። ቀለሙ መጀመሪያ ጠብታው ባረፈበት ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ያ መቃረቡን ነው የሚነግራችሁ። ተወዛውዞም ካልተመለሰ እዚያ ላይ ቁሙ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መብራት ሥር አድርጉት።

ለምሳሌ ሰኞ 8.4፣ ሐሙስ 7.5 ቢሆን በሦስት ቀን 0.9 ጠፍቷል፤ በቀን 0.3። 60 ሊትርን በ1 ዲኬኤች ከፍ ለማድረግ 1.8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል፤ ለ0.3 ደግሞ 0.54 ግራም። በግማሽ ብርጭቆ አርኦዲአይ ውሃ አሟሙና ፓምፑ ፊት ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ብቸኛ ንጥረ ነገር ሶዲየም ባይካርቦኔት መሆን አለበት። በ1 ዲኬኤች በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አብሮ ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ 1.8 ግራም ሶዳ 1.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ይመጣጠናል። ሁለቱን አንድ ላይ አትጨምሩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አራርቁ፣ አለበለዚያ ውሃው ወተት ይመስላል። ለስላሳ ኮራልና ጥቂት ዞአንተስ ብቻ ካላችሁ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሳምንታዊው የውሃ ቅያሪ ይበቃል።

ቅያሪው ስድስት ሊትር ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከተቻለ በተወሰነ ቀን። ማሞቂያና ፓምፕ ንቀሉ፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን ብናኝ በጎማ አምፖል አንሱ፤ በቱቦ አሸዋውን እየነካችሁ ስድስት ሊትር ሳቡ፤ ያዘጋጃችሁትን መልሱ፣ ሙቀቱና ጨዉ እኩል መሆኑን አይታችሁ። በየሁለት ወሩ ፓምፖቹን በእኩል አቼቶና ውሃ ድብልቅ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ነጩ የካልሲየም ቅርፊት ሲከማች ፓምፑ ይሞቃል፣ ኃይሉም ይቀንሳል።

ሲበላሽ

በሁለተኛው ወር አካባቢ አሸዋውን የሚሸፍነው ቡናማ አቧራ ዳያተም ነው። ተዉት፤ ሲሊካው ሲያልቅ ራሱ ይሄዳል። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ጨርቅ የሚላጠው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በቱቦ ሳቡት፣ ሞገዱን ወደዚያ አዙሩ፣ ምግብ ቀንሱ። ናይትሬቱ 0 ከሆነ ግን ምግብ መቀነስ ያብስበታል።

ብዙ ሰው ገንዳውን ትቶ የሚወጣው በዳይኖፍላጀሌት ነው። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ ሌሊት ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል። ቀንድ አውጣዎቹ ሲሞቱ ተጠራጠሩ። የሚመጣው ገንዳው ከመጠን በላይ ሲጸዳ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም 0 ሲሆኑ ነው። መቆሸሽ መስሏችሁ ውሃ ብትቀይሩ ይበልጥ ይፋፋል። ቅያሪውን አቁሙ፤ ናይትሬትን ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር አድርሱና ሌሎቹ አልጌዎች ተፎካክረው ቦታውን እስኪነጥቁት ያዙት። ሳምንታት ይፈጃል።

አይፕታዥያ የምትባለዋን ትንሽ ቡናማ አኔሞን አትቁረጧት፣ አትፍቋትም። ከእግሯ የቀረች ቁራጭ ሁሉ አዲስ ትሆናለች። ንጹሕ የኖራ ዱቄት በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አድርጉ፤ ፓምፑን አጥፍታችሁ አፏ ላይ በሲሪንጅ ጭመቁባት። በአንድ ቀን ከሦስት አራት በላይ አትሥሩ፤ ኖራ ፒኤች ያስፈነጥራል።

ዓሣ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ሲታይ መድኃኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ኮራል ይገድላል። ዓሣው ወደ ሌላ ዕቃ ይውጣና እዚያ ይታከም፤ ዋናው ገንዳ ለ76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ፣ ጥገኛው የሚጣበቅበት አጥቶ እስኪያልቅ። አዲስ ዓሣ ሁሉ ለአንድ ወር ለብቻው ቢቆይ ይህ ሁሉ አይመጣም።

መብራት ሲጠፋ

ኮራሉ ያለ ብርሃን ሁለት ቀን ይችላል። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያነሰ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይኑር፤ መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳውን ዓይነት ምረጡ። ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። ዓሣ አትመግቡ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ላዩን ግን አትክደኑት። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሙቅ ውሃ የሞላበት የታሸገ ጠርሙስ አንሳፉበት። መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ ከኋላ የሚንጠለጠለውን ማጣሪያ ንቀሉት። ሰዓታት ውሃ ሳይዘዋወርበት የቆየ ጥጥ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞቶ በስብሷል፤ ሳይታጠብ ከተነሳ ያንን ሁሉ ወደ ገንዳው ይተፋዋል። ጥጡን ጣሉ፣ ሳጥኑን እጠቡ፣ ከዚያ አስነሱት።